ለሦስት ጌታ ያደረ ቃል፦ ከትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ስለማስኬድ በሚነገሩ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ የሙያ ስያሜ በቃላት ዝርዝር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲታይ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሚፈተነው ከጎረቤቶቹ ስያሜዎች ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ሥራ ሲሠራበት ነው። ብቻውን ሲነበብ እንከን የማይወጣለት ቃል ከሌሎች ጋር ሲሰለፍ የጎረቤቱን ቦታ ሲሻማ፣ አንባቢውንም ወደ ስሕተት ሲመራ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የመሰለውን መሻማት በአንድ ጠባብ የኮምፒዩተር ሥራ፣ ይኸውም ከአንድ የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ ሆኖ ሌላ ፕሮግራም በማስኬድና ፕሮግራሙ የሚያወጣውን ተቀብሎ በመጠቀም ረገድ መመርመር ነው።

ለምርመራችን መነሻ የሆነን በመዝገበ ቃላት ዝግጅት ለሚረዱ ወጣቶች መማሪያ እንዲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ረቂቅ ነው። ረቂቁ ገና ያልታተመ በመሆኑ ርእሱንም ተርጓሚውንም አናነሣም። አማርኛው የጠራ፣ ድካሙም የሚያስመሰግን መሆኑን አስቀድመን ልንመሰክር እንወዳለን። ሒሳችን የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን፣ ተርጓሚው ከሁላችንም እጅ በተቀበላቸው ስያሜዎች ላይ ነው።

፩. ሥራው

በቅድሚያ ነገሩን ለቋንቋ ባለሙያ አንባቢ ባጭሩ ማስረዳት ይገባል። በመስኮትና በሥዕል ሳይሆን በጽሑፍ በሚሰጥ ትእዛዝ የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። «ሶርት» የተባለው መስመሮችን በፊደል ተራ ይደረድራል፤ «ግሬፕ» የተባለው የተፈለገው ቃል የሚገኝባቸውን መስመሮች ለይቶ ያወጣል፤ «አይኮንቭ» የተባለው ደግሞ ጽሑፍን ከአንድ የፊደል ኮድ ወደ ሌላ ይለውጣል። የእነዚህ ፕሮግራሞች ልማድ የተመሠረተው በዩኒክስ ሥርዐት ነው። ዩኒክስ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ የተጀመረው በ1969 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ነበር። የዚያው ላቦራቶሪ ባልደረባ ዳግ ማክኢልሮይ በ1964 ባሰፈረው ማስታወሻ፣ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየተቀጣጠሉ የአንዱ ፍሰት ወደ ሌላው እንዲገባ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አመልክቶ ነበር። ሐሳቡም በ1973 «ቧንቧ» ብለን በምንጠራው ዘዴ በዩኒክስ ውስጥ ተፈጸመ።

ትእዛዞችን አንድ በአንድ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በአንድ ጽሑፍ አስፍሮ በተራ ማስፈጸም ይቻላል። ይህን ጽሑፍ ባለሙያዎች «ስክሪፕት» ይሉታል። «ስክሪፕት» ለፊልም ድርሰትም የሚነገር በመሆኑ፣ በምንጩም ቋንቋ ፊደልንና የአጻጻፍ ሥርዐትን ጭምር ስለሚያመለክት፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የትእዛዝ ጽሑፍ» እንለዋለን። በኋላ የመጡት የፕሮግራም ቋንቋዎችም ይህንኑ ሥራ ወርሰዋል። በ1987 የወጣው ፐርል ደራሲው ላሪ ዎል የሥነ ልሳን ትምህርት የተማረ ሰው ሲሆን፣ ቋንቋው የሌላውን ፕሮግራም ትእዛዝ በግራ ዘመም ጭረቶች መካከል በማስገባት ብቻ ለማስኬድ ያስችላል። ፓይተን የተባለውም ቋንቋ ለዚሁ ተግባር በ2004 ራሱን የቻለ ክፍል ተበጀለት፤ በ2015ም ይህ ክፍል ቀለል ባለ አጠራር ተሟላ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ አስኬጁ ጽሑፍ ከተኬደው ፕሮግራም የሚቀበለው ምንድን ነው? መልሱ አንድ ነገር አይደለም፤ ሦስት ነው። አንደኛው ፕሮግራሙ ሠርቶ የሚያፈሰው ጽሑፍ ነው፤ የተደረደረው የቃላት ዝርዝር ወይም የተገኙት መስመሮች ማለት ነው። ሁለተኛው በሌላ መንገድ የሚመጣ ማሳሰቢያ ነው፤ ፋይል አለመገኘቱን ወይም እክል መግጠሙን ለሰው የሚናገር ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ፕሮግራሙ ሲሰናበት የሚተወው አንድ ቁጥር ሲሆን፣ ሥራው እንዴት እንዳለቀ የሚያስታውቅ ነው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ይደርሳሉ፤ አንዱ የሌላው ምስክር አይደለም። ጽሑፍ ሳያፈስ በሰላም የሚፈጽም ፕሮግራም አለ፤ ብዙ አፍስሶ ከመካከል የሚወድቅም አለ።

፪. የደረሰብን

ረቂቁ ለሦስቱም ነገሮች የተጠቀመው «ውጤት» በሚለው ቃል ነው። በአንድ ስፍራ «የፕሮግራሙን ውጤት በፋይል እናስቀምጣለን» ይላል፤ በዚህ ስፍራ የፈሰሰው ጽሑፍ ማለቱ ነው። በሌላ ስፍራ «ፕሮግራሙ የስሕተት ውጤት ሊያሳይ ይችላል» ይላል፤ ይህ ማሳሰቢያው ነው። በሦስተኛውም ስፍራ «ትክክለኛ ውጤት ከተመለሰ ሥራው ተሳክቷል» ይላል፤ በምንጩ የተጻፈው ግን የስንብት ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን እንድናረጋግጥ ነበር። ሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች በየራሳቸው ሲነበቡ አንዳቸውም አያውኩም። በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ግን አንባቢው «ውጤት ካለ ተሳክቷል» የሚል ሕግ ከእነርሱ ማውጣቱ አይቀርም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከዚሁ ረቂቅ የተማረ አንድ ረዳታችን፣ በየፊደሉ ተከፋፍለው የተጻፉትን የቃል ካርዶች ፋይሎች በሀለሐመ ተራ አንድ አድርጎ ካጋጠመ በኋላ ለሕትመት ወደሚስማማ የፊደል ኮድ የሚለውጥ የትእዛዝ ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉ አይኮንቭን ያስኬዳል፤ የፈሰሰውን ይቀበላል፤ የተቀበለው ባዶ አለመሆኑን ይመረምራል፤ ባዶ ካልሆነ ሥራው እንደተሳካ ቈጥሮ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ማሳሰቢያዎቹ ማያውን እንዳያጨናንቁ ወደማይታዩበት ይጥላቸዋል። ረቂቁ ያስተማረውን በታማኝነት ፈጽሟል።

ይሁንና በ«ከ» ክፍል መጨረሻ ግድም አንድ የተበላሸ ፊደል ነበር። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ ፋይል በባይት ቈጠራ ሲቈረጥ አንድ ፊደል ከወገቡ ሊሰበር ይችላል። አይኮንቭም የተሰበረ ፊደል ሲገጥመው እዚያው ይቆማል። ከዚያ በፊት የለወጠውን አፍስሷል፤ ምን እንደገጠመውና በስንተኛው ቦታ ላይ እንደገጠመው በማሳሰቢያ ይናገራል፤ ሲሰናበትም ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ይተዋል። ፕሮግራሙ የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። የተቀበልነው ዝርዝር ከ«ሀ» እስከ «ከ» የተሟላና ያማረ፣ ከ«ወ» ጀምሮ ግን ጨርሶ የሌለ ሆኖ ወደ ቀጣዩ የእርማት ደረጃ ተላለፈ።

ጉድለቱ የታወቀው ከባልደረቦቻችን አንዱ «ውፅአት» የሚለውን ቃል አተረጓጐም ለማመሳከር ሲፈልግ ባጣው ጊዜ ነው። ዋናዎቹ ካርዶች በእጃችን ስለነበሩ የጠፋ ነገር የለም። ነገር ግን ዝርዝሩ በዚያው መልኩ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ ጥፋቱን በረዳቱ ላይ እንጥል ነበር እንጂ በራሳችን ቃል ላይ ለመጣል ማንም ባልታሰበው ነበር።

፫. አንድ ሥር፣ ብዙ ቅርንጫፍ

ተርጓሚው ሦስቱን ነገሮች በአንድ ቃል የጠራው በቸልታ አይደለም። አማርኛ በዚህ ስፍራ ለተርጓሚው ወጥመድ ዘርግቶለታል። ፕሮግራሙ የሚያፈሰው «ውፅአት» ነው፤ ሥራው የደረሰበት «ውጤት» ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ «መውጣት» ይባላል፤ በዚያን ጊዜ የሚተወው ቁጥርም በልማድ «የመውጫ ኮድ» ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ግእዙ «ወፅአ»፣ አማርኛው «ወጣ» ነው። በእንግሊዝኛ ለየቅል በሆኑ ቃላት የሚጠሩት ነገሮች በአማርኛ በአንድ ግንድ ላይ ተሰብስበዋል። ስለዚህ «ከፕሮግራሙ የወጣው» ብለን ስንጽፍ የቱ እንደሆነ ቃሉ ራሱ አይነግረንም።

ይህ ማለት ግን አማርኛ መለየት አይችልም ማለት አይደለም። ከአንድ ሥር የተገኙ የግእዝና የአማርኛ ቃላት ተራርቀው የየራሳቸውን ፍች ይዘው የሚኖሩበት ልማድ የቆየ ነው። «መጽአ» እና «መጣ» አንድ ናቸው፤ ዳሩ ግን «ምጽአት» ስንል የእንግዳ መምጣትን ማለታችን እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። «ተንሥአ» እና «ተነሣ» አንድ ናቸው፤ ሆኖም «ትንሣኤ» ከእንቅልፍ መነሣትን አያመለክትም። ራሱ «ወፅአ» እንኳ «ዘፀአት» በሚለው የኦሪት መጽሐፍ ስም ውስጥ የተለየ ክብር ይዞ ይገኛል። በዚህ መንገድ «ውፅአት» የሚለው የግእዝ መልክ ፕሮግራሙ ለሚያፈሰው ጽሑፍ ብቻ ቢመደብ፣ «ውጤት» የሚለው የአማርኛ መልክ ደግሞ ለተራው ፍቹ፣ ማለትም ሥራው በጠቅላላው ለደረሰበት ቢተው፣ ከቋንቋው ጠባይ ውጭ የሆነ ነገር አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ልናክል ግድ ይለናል። ቃሉ በየጽሑፉ «ውጽአት»፣ «ውፅአት»፣ «ውጽዓት» እየተባለ በልዩ ልዩ መልክ ይጻፋል። ግሡ በግእዝ የሚጻፈው በ«ፀ» በመሆኑ እኛ «ውፅአት» የሚለውን እንመርጣለን። ጉዳዩ የሥነ ጽሕፈት ጌጥ ብቻ አይደለም። ግሬፕ የሚፈልገው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። በ«ጸ» የተጻፈውን እንዲፈልግ የታዘዘ ፕሮግራም በ«ፀ» የተጻፈውን አጠገቡ እያለፈ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

፬. ዜሮና ባዶ

የስንብት ቁጥሩ ራሱን የቻለ መከራ አለው። በዩኒክስ ልማድ ፕሮግራም በሰላም ከፈጸመ 0 ይተዋል፤ ካልሆነለት ከ1 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይተዋል። ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም፤ መሳካት አንድ ዐይነት ነው፣ አለመሳካት ግን ብዙ ዐይነት ነው። ስለዚህ አንዱ ቁጥር ለመሳካት ሲበቃ፣ የቀሩት የውድቀቱን ዐይነት ለመለየት ይውላሉ። ለምሳሌ በትእዛዝ መስመር ላይ የተጠራው ፕሮግራም ጨርሶ ካልተገኘ በልማድ የሚተወው ቁጥር 127 ነው።

በተማሪ ቤት ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ግን ዜሮን የሚያውቀው በሌላ ጠባዩ ነው። «ዜሮ አመጣ» የወደቀ ተማሪ ነው። ከዚህም በላይ ዜሮ በአማርኛ «ባዶ» ተብሎ ይጠራል፤ የኳስ ጨዋታ ዘጋቢ «ሁለት ለባዶ» ሲል ማንም አይሳሳትም። የረቂቁ ተርጓሚም ይህን የሕዝብ አነጋገር በመከተል «ፕሮግራሙ ባዶ ይመልሳል» ብሎ ጽፏል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ «ባዶ» ሌላ ጌታም አለው፤ ምንም ያልፈሰሰበት ውፅአት ባዶ ነው። «ባዶ ከመለሰ ተሳክቷል» እና «ባዶ ከሆነ አልተሳካም» የሚሉት ሁለት ትምህርቶች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሲገናኙ ተማሪው ለሁለተኛው ቢያደላ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ከጤናማ አእምሮው ጋር የሚስማማው እርሱ ነውና። በመሆኑም ቁጥሩ በሚነሣበት ስፍራ ሁሉ «ዜሮ» እንዲባል፣ ምንም ጽሑፍ ያለመኖሩ ብቻ «ባዶ» እንዲባል እናሳስባለን።

ረቂቁ በጥቂት ስፍራዎች ይህንኑ ቁጥር «የስሕተት ቁጥር» ይለዋል። ይህም አያስኬድም። ግሬፕ የተፈለገውን ቃል ካገኘ 0፣ ካላገኘ 1፣ እውነተኛ እክል ከገጠመው ደግሞ 2 ይተዋል። አለማግኘት ስሕተት አይደለም፤ መልስ ነው። ሁለት ፋይሎችን የሚያነጻጽረው «ዲፍ» የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ፋይሎች ከተለያዩ 1 ይተዋል፤ መለያየታቸውን መናገር ደግሞ የተፈጠረበት ሥራ ነው። «የስሕተት ቁጥር» የሚለው ስም ዜሮን ስሕተት ያሰኛል፤ አንድንም ያለ ጥፋቱ ይከሳል። እኛ በበኩላችን «የፍጻሜ ቁጥር» የሚለውን እናቀርባለን። ፍጻሜ መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ አስቀድሞ አይፈርድም። ከ«ወጣ» ቤተ ሰብም ፈጽሞ ነጻ ነው።

፭. ማሳሰቢያው የሚሄድበት ቦይ

የምንጩ ቋንቋ ራሱ የሚሳሳትበት ስፍራም አለ። ሁለተኛው መንገድ በእንግሊዝኛ የተሰየመው «መደበኛ ስሕተት» ተብሎ ሊመለስ በሚችል ሐረግ ነው። ረቂቁም እንደዚሁ አድርጎ መልሶታል። ነገር ግን «መደበኛ ስሕተት» በስታቲስቲክስ የታወቀ የሌላ ነገር ስም ነው፤ የናሙና አማካይ ከናሙና ወደ ናሙና ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካበት ነው። ከዚህም ሌላ በዚህ መንገድ የሚመጣው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ሥራው የት እንደደረሰ የሚናገር መልእክት፣ ወደፊት ይቀራል ስለተባለ አሠራር የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም በዚሁ ይጓዛል። አንዳንድ ተርጓሚዎች የሚመርጡት «የስሕተት ውፅአት» የሚለውም «የተሳሳተ ውፅአት» ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል አልረባንም።

ስያሜው ከተፈጠረበት ምክንያት ብንነሣ የተሻለ እናገኛለን። በመጀመሪያ የዩኒክስ ፕሮግራሞች ጽሑፋቸውንም ማሳሰቢያቸውንም በአንድ መንገድ ያፈሱ ነበር። በ1970ዎቹ ጽሑፍ በብርሃን የፊደል መልቀሚያ መሣሪያ ለሕትመት ሲዘጋጅ፣ የማሳሰቢያው ቃላት ከጽሑፉ ጋር ተቀላቅለው በፊደል ተለቅመው ይወጡና ሥራው ይበላሽ ነበር። ማሳሰቢያ ለሠራተኛው ዐይን፣ ጽሑፍ ለሥራው እንዲሆን ሁለቱን መንገዶች ለመለየት ምክንያት የሆነው ይህ ነው። የማተሚያ ቤት እርማት ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ አራሚው በኅዳጉ ላይ ለለቃሚው የጻፈው ማስታወሻ በገጹ መካከል ታትሞ የወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ «ቦይ» የሚለውን አገርኛ ቃል ለሦስቱም መንገዶች እንድንጠቀምበት እናቀርባለን። ገበሬ ውሃ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው የሚመራበት ቦይ የማክኢልሮይን የአትክልት ማጠጫ ጎማ በሚገባ ይተካል፤ «ቧንቧ» ከሚለው ቀድሞ ከለመደው ቃልም ጋር ይዛመዳል። ወደ ፕሮግራሙ የሚገባበት «የግብአት ቦይ»፣ የሠራው የሚፈስበት «የውፅአት ቦይ»፣ ለሰው የሚነገረው የሚሄድበት «የማሳሰቢያ ቦይ» ይሁን። የፍጻሜ ቁጥሩ ግን በቦይ አይፈስም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ስሙ ከቦዮቹ የተለየ መሆኑም ይህንኑ ያስታውቃል።

ቧንቧን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ሁለት ፕሮግራሞች በቧንቧ ሲያያዙ፣ ለምሳሌ አይኮንቭ የለወጠውን ሶርት ሲደረድረው፣ በተለመደው አሠራር የሚታየው የፍጻሜ ቁጥር የኋለኛው ብቻ ነው። አይኮንቭ ከመካከል ቢወድቅ ሶርት የደረሰውን ያህል ደርድሮ በሰላም 0 ይተዋል። «የቧንቧው ውጤት ዜሮ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንግዲህ ምን ያህል እንደሚያሳስት አንባቢ ይፈርድ። «የመጨረሻው ፕሮግራም የፍጻሜ ቁጥር ዜሮ ነው» ቢባል ግን «የፊተኛውስ?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ጊዜ ይነሣል። ጥሩ ስያሜ ማለት ተገቢውን ጥያቄ የሚያስነሣ ነው።

፮. ሌሎች ሦስት ቃላት

ስለ ቀሩት ስያሜዎች ባጭሩ እንናገራለን። አስኬጁ ጽሑፍ የፈሰሰውን ለራሱ ሲይዝ፣ ረቂቁ «ውጤቱን ይማርካል» ይላል። «ማረከ» የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ የሚማረከውም የሌላ ወገን ነው። ውፅአት ግን ለጠራው የተላከ ነው። «ይቀበላል» ቢባል በቂ ነው፤ በቂ ብቻም ሳይሆን ተቀባይ እንዳለ ስለሚያሳስብ የተሻለ ነው። የተቀበለው ነገር በመጀመሪያ ባይት እንጂ ፊደል አለመሆኑም መነገር አለበት። «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 ሲፈስ 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው፤ ከአንድ ጽሑፍ መጀመሪያ 10 ባይት እንዲሰጥ የታዘዘ ፕሮግራም 3 ፊደልና የአራተኛውን ሲሶ ይሰጣል። ፓይተንም በተለይ ካልታዘዘ በቀር የተቀበለውን በባይትነቱ ነው የሚያስረክበው።

ሁለተኛው «ክርክር» ነው። ከትእዛዙ ጋር ለፕሮግራሙ የሚሰጡትን የፋይል ስሞችና ምርጫዎች ረቂቁ «ክርክሮች» ይላቸዋል። የእንግሊዝኛው ቃል ሙግትንም ስለሚያመለክት የመጣ መዘዝ ነው። የሥነ ልሳን ሰዎች ግን ይህንኑ ቃል በሙያችን ውስጥ በሌላ ፍቹ እናውቀዋለን፤ ግሥ ፍቹ እንዲሟላ የሚፈልጋቸው ስሞች ናቸው። ትእዛዙን እንደ ግሥ ብንወስደው የሚሰጡት ነገሮች ማሟያዎቹ ናቸው፤ «ደርድር» ሲባል «ምኑን?» ለሚለው የሚመልሱ ናቸው። «ማሟያ» የሚለው ስለዚህ በሰዋስውም በኮምፒዩተርም አንድ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛው «ቅርፊት» ነው። ትእዛዝን ከሰው ተቀብሎ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደውን ፕሮግራም እንግሊዝኛው በዛጎልና በቅርፊት ስም ይጠራዋል። ምሳሌው ለምንጩ ቋንቋ ተናጋሪ እንኳ ደብዝዞ ሞቷል፤ የሞተን ምሳሌ ቃል በቃል መተርጐም ደግሞ ያለ አገሩ ማስነሣት ነው። «ቅርፊት» የሚለው ስም የሚያስቡት ዝም ብሎ የሚሸፍን ነገርን ነው። በእውነቱ ግን ይህ ፕሮግራም የሚሰማውን ሳይተረጉም አያሳልፍም። «የሐ ቃላት» የሚል በሁለት ቃል የተጻፈ የፋይል ስም በተራ ሲሰጠው እንደ ሁለት ማሟያ ይቈጥረዋል፤ በስሙ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር ካገኘ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ አዲስ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል። ከማይታወቅ ሰው የተቀበሉትን ጽሑፍ በእርሱ በኩል ማሳለፍ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። የፓይተኑ ክፍል ማሟያዎቹን በዝርዝር ለይቶ በቀጥታ ለፕሮግራሙ መስጠትን የሚመርጠው ይህን አደጋ ለመሸሽ ነው። ለዚህ ፕሮግራም «ሼል» የሚለውን የተውሶ ቃል እንዳለ መያዝ ይሻላል እንላለን። የተውሶ ቃል ምንም አይናገር ይሆናል፤ ሐሰት ግን አይናገርም።

፯. ተቃውሞና መልስ

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። አንደኛው፣ በሥራው ላይ ያሉ ባለሙያዎች የእንግሊዝኛውን ቃላት በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እየከተቱ በሰላም ስለሚግባቡ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚል ነው። እነርሱ ቢግባቡ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ነገሩን አስቀድመው ያውቁታልና። ስያሜ የሚያስፈልገው ለማያውቀው ነው። የእኛ ረዳት የተሳሳተው እንግሊዝኛ ስለጎደለው ሳይሆን፣ በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን አምኖ ስላነበበ ነው። በአማርኛ የሚያነብ ሰው በአማርኛው እንዲታለል ከማድረግ ጨርሶ አለመተርጐም ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ውፅአት» እና «ውጤት» በጆሮ የሚቀራረቡ ስለሆኑ በመካከላቸው የተሠራው አጥር በቀላሉ ይፈርሳል የሚል ነው። ይህን አንክድም። ስለሆነም ሸክሙን በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ብቻ አላሳረፍንም። «የፍጻሜ ቁጥር» እና «የማሳሰቢያ ቦይ» ከሌላ ሥር የተገኙ በመሆናቸው፣ አንድ ጸሐፊ በቸልታ «ውጤት» ቢል እንኳ ጥፋቱ በውፅአቱ ላይ ብቻ ተወስኖ ይቀራል፤ ስለ መሳካት የሚነገረውን አያውክም። በፓይተን ውስጥም የተፈጸመው ሂደት ለጠሪው ሲመለስ ሦስቱ ነገሮች በሦስት የተለያዩ ስሞች ተለይተው ይቀመጣሉ፤ የሥራው አዋቂዎች በአንድ ስም ሊጠሯቸው አልደፈሩም። እኛም በአማርኛ ልንደፍር አይገባንም።

ያቀረብነውን ባጭሩ ስንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። ፕሮግራሙ የሚያፈሰው «ውፅአት»፣ የሚፈስበት «የውፅአት ቦይ»፤ ለሰው የሚነገረው «ማሳሰቢያ»፣ የሚሄድበት «የማሳሰቢያ ቦይ»፤ ሲያበቃ የሚተወው «የፍጻሜ ቁጥር»፤ ለትእዛዙ የሚሰጠው «ማሟያ»፤ የፈሰሰውን መያዝ «መቀበል»፤ ሌላን ፕሮግራም ማሠራት «ማስኬድ» ይባል። «አሂድ» የሚለው የትእዛዝ ቃል በኮምፒዩተር አማርኛ የተለመደ ቢሆንም፣ «ሄደ» በተራው አነጋገር አድራጊ ሲጨመርበት «አስኬደ» ስለሚሆን፣ በማብራሪያ ጽሑፍ «ማስኬድ» እንዲመረጥ እንወዳለን። «ውጤት» ግን ወደ ቀደመው ሥራው፣ ማለትም ሰው ከድካሙ በስተመጨረሻ ያገኘውን ወደ መናገር ይመለስ።

ረቂቁ በእነዚህ ስያሜዎች ታርሞ እንዲቀርብ ለተርጓሚው አስተያየታችንን ሰጥተናል። የትእዛዝ ጽሑፋችንም ተስተካክሏል፤ አሁን የፍጻሜ ቁጥሩን ሳያይ ወደፊት አያልፍም፤ ማሳሰቢያውንም ለብቻው በፋይል ያኖረዋል። የተሻለ ስያሜ ያለው፣ ወይም ካቀረብናቸው አንዱ በሥራ ላይ ሲያሳስት ያየ አንባቢ ቢኖር፣ ቃሉን ያገኘበትን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጨምሮ ቢልክልን ደስ ይለናል። ቃሉ ብቻውን አይበቃንም፤ ከላይ እንዳየነው ጥፋቱ የሚታየው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ነውና።